እሑድ ጧት የተጠራ ስም

ሰገነት አገኘሁን ያገኟት ሰኞ ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል ሊጠርጉ የወረዱ ሁለት ሴቶች ናቸው። ወደ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ከሚያወጣው አቋራጭ መንገድ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ በጎኗ ተጋድማ ነበር። አጠገቧ ባለጎማ ሰማያዊ ሻንጣ ወድቋል። «የደከማት መንገደኛ መስላኝ፣ ‘ተነሽ እንጂ፣ ውርጭ ይመታሻል’ ብያት ነበር» አለች አንደኛዋ ቃሏን ስትሰጥ። እንዲያ ማለቷ ራሱ ኃጢአት የሆነባት ይመስል ደጋግማ አማተበች።

ኢንስፔክተር አብዱረዛቅ ዑበይዱላህ ገደሉን ወርዶ ፊቷን ሲያይ ማንነቷን መጠየቅ አላስፈለገውም። አደባባዩ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ሸራ፣ ቀይ ሻርፕ አንገቷ ላይ አስራ ለከተማው ሁሉ የምትስቀው ልጅ ናት። «ቀስተ ደመና አየር መንገድ፤ ሩቅ አገር፣ ቅርብ ዋጋ» ይላል ከፎቶዋ ሥር።

ቀስተ ደመና አዲስ አየር መንገድ ነው። ምግብ የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ከሰባት ኪሎ በላይ የእጅ ሻንጣ የለም፤ ግን ድሃ በሚችለው ዋጋ ባሕር ማዶ አደርሳለሁ ብሎ ተነሥቷል። የመጀመሪያው በረራ በመጪው ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ነው። ያን ሰሞን ደብረ ማርቆስ አብዳ ነበር ማለት ይቻላል። ባሕር ዳርን እንኳ ያላየ ሰው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ባንኮክ አየር ጠባይ ይከራከራል። ለአስተናጋጅነት ከተመዘገቡት የከተማዋ ልጆች መካከል ያለፈችው ሰገነት ብቻ ናት። የአብዱረዛቅ ልጅ ሰልሰቢልም ተፈትና ነበር፤ እጇ የዕቃ መደርደሪያው ላይ ለመድረስ ሁለት ጣት ጎደላትና ወደቀች። ያን ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ዋለ። አሁን አብዱረዛቅ ያችን ሁለት ጣት በልቡ አመሰገነ፤ ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

«ዘረፋ አይደለም» አለ ረዳቱ ሳጅን ገዳሙ። «ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው። ሀብሏም አልተነካም። ከኋላ ጭንቅላቷን ተመታለች።»

አብዱረዛቅ ቁጢጥ ብሎ እጆቿን አየ። የቀኝ እጇ ጥፍሮች በአፈር ተሞልተዋል። ከእጇ ሥር ያለው መሬት ተቧጥጧል።

«ስትወድቅ ይሆናላ» አለ ገዳሙ።

«ይሆናል» አለ አብዱረዛቅ፤ አልተዋጠለትም። የሚወድቅ ሰው አንዴ ይቧጥጣል። ይኼ መሬት ግን ብዙ ጊዜ ነው የተቧጠጠው።

*

ሰገነት የደብረ ወርቅ ገበሬ ልጅ ናት። እናቷ ገና በልጅነቷ ስለሞተች፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ያሳደጓት የክርስትና እናቷ ወይዘሮ ጥላነሽ ናቸው። ወይዘሮ ጥላነሽ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። የአብዱረዛቅ አባት ጨው የሚሸጡበት መደብ ከእሳቸው መደብ ጎን ስለነበር፣ አብዱረዛቅ ልጅ ሳለ በርበሬያቸው እያስነጠሰው ነው ያደገው። እሳቸው አሁንም «አብዱ» ነው የሚሉት፤ ፖሊስ መሆኑን ልብ ያሉትም አይመስልም።

ቤታቸው ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም፤ አቋራጩ መንገድ በጓሮው በኩል ያልፋል።

«ትናንት ጧት በአሥራ አንድ ሰዓት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ልትይዝ ነው የወጣችው» አሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መሬት ተቀምጠዋል። «እስከ በር ሸኘኋት። ስሜያት ተመለስኩ። ከዚያ እኔና ዓይናዲስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን።»

«ብቻዋን ለምን ሄደች እትዬ?»

«መናኸሪያው እኮ ይኸው ነው አብዱ። የረዳቶቹ ጩኸት እዚህ ይሰማል። ማን ይነካታል ብዬ ልጠርጥር?»

ልጃቸው ዓይናዲስ ጥግ ላይ ተኮራምታለች። ከሰገነት ጋር እኩያ ናት፤ በአንድ ክፍል፣ በአንድ አልጋ ነው ያደጉት። ዓይኗ አብጦ ሊጠፋ ደርሷል። አብዱረዛቅ ለቅሶዋ ጋብ እስኪል ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ሁለት የምስክር ወረቀቶች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ በመካከላቸው ፎቶ አለ። ፎቶው ላይ ዓይናዲስ ወለል ላይ በተጋደመ የላስቲክ አሻንጉሊት ላይ አጎንብሳ ጆሮዋን አፉ ላይ ደቅናለች። ከኋላዋ ሰገነት ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አላት፣ ወሬ ለማስቀየር ያህል።

«የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ነው» አለች ዓይናዲስ። «ለመጨረሻው ዙር ያለፍነውን አምስት ቀን አሠለጠኑን። አየር ላይ ሐኪም የለም። ሰው ከወደቀ መጀመሪያ ትንፋሹ ይደመጣል፤ አሥር ሰከንድ…» መጨረስ አቃታት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አብዱረዛቅ ሌላ ሳይጠይቅ ወጣ።

*

የቀስተ ደመና ቢሮ ኃላፊ ሙሉቀን ከረባቱ ሁልጊዜ የሚያንቀው የሚመስል ቀጭን ሰው ነው። ሰማያዊውን ሻንጣ ሲያይ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ቀጥሎ አንሥቶ ሚዛኑ ላይ አደረገውና ግንባሩን ቋጠረ።

«አሥራ አንድ ኪሎ ተኩል? ይኼ ሊሆን አይችልም።»

«ሻንጣው የእሷ አይደለም?»

«የእሷ ነው፤ ምልክቱን ያሰርኩበት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት እዚሁ ሚዛን ላይ ስድስት ኪሎ ከስምንት መቶ ነበር። ሰባት ኪሎ እንዳያልፍባት ሁለት ጊዜ እያወጣች ስትመዝን አይቻታለሁ።»

ገዳሙ ሻንጣውን ከፈተው። ላይ ላዩን ጋቢ አለ። ከጋቢው ሥር በፌስታል የታሰረ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የሱፍ ኮፍያና በውኃ ፕላስቲክ የተሞላ ጠበል።

«ጠበል?» አለ ሙሉቀን። «ፈሳሽ ይዞ መግባት እንደማይቻል አምስት ቀን ሙሉ ስንነግራቸው ነበር። ሰገነት ደግሞ በሥልጠናው አንደኛ የወጣች ልጅ ናት።»

አብዱረዛቅ እዚያው ሆኖ ወይዘሮ ጥላነሽ ጋ ደወለ። «እኔ ነኝ የጨመርኩላት» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሰው አገር ስትሄድ ባዶዋን ልስደዳት አብዱ?» የእሱም እናት ለማሠልጠኛ ሲሄድ ሙሉ ጆንያ ነበር ያሸከሙት። ስልኩን ዘጋና ነገሩን ተወው።

«በእሷ ፈንታ አሁን ማን ይሄዳል?» ሲል ሙሉቀንን ጠየቀው።

«ተጠባባቂዋ ዓይናዲስ ናት። ዝርዝሩ የወጣው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ የጨመርኩት የለም።» ሙሉቀን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንስፔክተር፣ እጮኛ ነበራት። ታረቀኝ ይባላል፤ ባጃጅ ነጂ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ በር ላይ አንቆ ሊይዛት ደርሶ ነበር። ‘አትሄጂም፤ በሬሳዬ ላይ ካልሆነ’ ሲላት ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አብዱረዛቅ የዓይናዲስን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። ገዳሙን ሰፈር ላከው። ገዳሙ ሲመለስ መልሱ አጭር ነበር። እናትና ልጅ እሑድ ከኪዳን ጸሎት ጀምረው ቅዳሴ እስኪወጣ ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ከዚያ እስከ እኩለ ቀን ማኅበር ቤት። አርባ ሰው አይቷቸዋል። አብዱረዛቅ ስማቸውን በእስክሪብቶ ሰረዘ።

*

ታረቀኝን ከባጃጅ ተራ ይዘውት ሲመጡ አልታገለም። ጣቢያ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«‘አትሄጂም’ ብለሃታል?»

«ብያታለሁ። ምን ልበላት ታዲያ? በደስታ ሂጂልኝ ልበላት?»

«አንቀሃታል?»

«ክንዷን ነው የያዝኩት። ሰው ሲያወራው አንገት ሆነ።»

«እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

ታረቀኝ ለአፍታ ዝም አለ። ገዳሙ አብዱረዛቅን ጠቀሰው፤ ይኼ ዝምታ ለገዳሙ ግማሽ የእምነት ቃል ነው።

«ምጥ የያዛት ሴት ይዤ ነበር» አለ ታረቀኝ በመጨረሻ። «ከከተማው ዳር ነው የጠሩኝ። ሆስፒታል በር ሳንደርስ ባጃጇ ላይ ወለደች። ሳጸዳ ነው የነጋው። ያላወራሁት… ‘ደም ያለበት ባጃጅ’ ብላችሁ ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ ፈርቼ ነው።»

ሆስፒታል ሄደው አጣሩ። ዘበኛው አስታወሰው፤ አዋላጇም አስታወሰችው። ሕፃኑም ስሙ ታረቀኝ ተብሏል። ገዳሙ እንደዚህ ያለ ማስረጃ በሥራ ዘመኑ አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ፤ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ታረቀኝ ሲፈታ በሩ ላይ ዞር አለ። «ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ደውላልኝ ነበር» አለ። «‘ሳልሰናበትህ አልሄድም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጥተህ ውሰደኝ’ አለችኝ። ሄድኩ። እትዬ ጥላነሽ በሩን ገርበብ አድርገው ‘ተኝታለች፤ መንገደኛ ናት፤ አታስቸግራት’ አሉኝ። እኔም ጠልታኝ ነው ብዬ ተመለስኩ።»

*

የተቀበረችው ረቡዕ ነው። አባቷ አቶ አገኘሁ ከደብረ ወርቅ ሲመጡ አስከሬኗን ወደ አገራቸው ሊወስዱ ነበር ያሰቡት። ወይዘሮ ጥላነሽ እግራቸው ላይ ወድቀው እዚህ ትቀበርልኝ ብለው ለመኗቸው። አባትየው ያሳደገ ሰው ልመና አይረገጥም ብለው ተዉላቸው።

አብዱረዛቅ ከቅጥሩ በር አጠገብ ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር ቆሟል። ጸሎቱ ሲደርስ የቄሱ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ «ነፍሰ ወለተ ኪዳን» አሉ። ከጎኑ ያለው ነጋዴ «ማን ናት ደግሞ ወለተ ኪዳን?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀው። አብዱረዛቅ ያውቃል፤ ክርስቲያን በሞተ ጊዜ በሰፈር ስሙ ሳይሆን በክርስትና ስሙ ነው የሚጸለይለት።

ከቀብር በኋላ አቶ አገኘሁን አግኝቶ አጽናናቸው። ሽማግሌው የመጣባቸውን ይናገሩ ነበር። «ስሟን እንኳ የጠራላት ሰው አልነበረም። ወለተ ኪዳን የሚለውን ከእኔና ክርስትና ካነሣቻት ከጥላነሽ በቀር የሚያውቅ የለም። ለንስሐ አባቷ ነግራ ይሆናል። የዛሬ ልጆች የሰፈር ስማቸውን ነው የሚወዱት።»

ሐሙስ ጠዋት ዓይናዲስ ጣቢያ መጣች። ቀይ ሻርፑን በእጇ ይዛዋለች፤ አላሰረችውም። አየር መንገዱ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ግቢ ብሏታል።

«ልሂድ ወይስ ልቅር ኢንስፔክተር? እርስዎ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ።»

አብዱረዛቅ ሰልሰቢልን አስታወሰ። «ሂጂ ልጄ» አላት። «የእሷንም ፈንታ ብረሪ።» ይህችን ቃል ኋላ ላይ መልሶ ሊውጣት ብዙ ጊዜ ተመኝቷል።

*

ዓርብ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረችው ዶክተር ሀጀራ ራሷ ደወለችና «ና፤ በስልክ የሚሆን አይደለም» አለችው። ሄዶ ሲቀመጥ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችለት።

«ሟች የሞተችው እሑድ እኩለ ቀን አካባቢ ነው» አለች። «የተመታችው ግን ያን ጊዜ አይደለም። ደም ጭንቅላቷ ውስጥ ቀስ በቀስ ነው የተጠራቀመው። ደቂቃ አልቆጥርልህም፤ ግን አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይታለች።»

አብዱረዛቅ በጣቱ ወደ ኋላ ቆጠረ። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ።»

«እንደዚያ ነው።»

«እሑድ ንጋት በእግሯ ወጥታለች የሚል ቃል አለኝ።»

«በእግሯ አልወጣችም። ራሷን ስታ ነበር። ገደሉ ሥር ስትጣል ትተነፍሳለች። መጨረሻ ላይ ብርዱ ትንሽ ሳይቀሰቅሳት አልቀረም፤ ጥፍሮቿን አይተሃል።»

«ቅዳሜ ማታ እዚህ ቢያመጧትስ?»

ዶክተር ሀጀራ መነጽሯን አወለቀች። «መዳኗን አልምልልህም። የመዳን ዕድል ግን ነበራት። ከቤቷ እዚህ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው።»

ወደ ጣቢያ ሲመለስ የሰፈሩ ቄስ አባ ገብረ ሚካኤል አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ሰኞ ሲያነጋግራቸው የሟች የንስሐ አባት መሆናቸውን ነግረውት ነበር። መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ከዳዊታቸው መሀል ብጣሽ ወረቀት እያወጡ ይመልሳሉ።

«አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» አሉ። «የንስሐ ምስጢር አይደለም፤ ቢሆን አልነግርህም ነበር። ምእመን ለጸሎት ስም ሲሰጥ በወረቀት ጽፎ መቅደሱ በር ላይ ያለው ሣጥን ውስጥ ይከታል። የሕያዋኑ ለብቻ ነው፣ የሙታኑ ለብቻ። ይኼን ከሙታኑ መሀል አገኘሁትና በቅዳሴ ጠራሁት። ሌላ ወለተ ኪዳን መስላኝ ነበር፤ ስሙ ብዙ ነው። ረቡዕ የሰገነትን ስም ሳነሣ ግን ምላሴ ከበደኝ። በሰበካችን በዚህ ወር ሌላ ወለተ ኪዳን አልሞተችም።»

«በየትኛው ቅዳሴ ነው የጠሯት አባ?»

«በእሑዱ።»

አብዱረዛቅ የሰማው እውነት አልመስል አለው። ሰገነት የተገኘችው ሰኞ ነው። እሑድ ጧት ከገዳይዋ በቀር መሞቷን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዶክተሯ እንዳለችው ደግሞ እሑድ ጧት ገና አልሞተችም።

ወረቀቱን ተቀበላቸው። «ነፍሰ ወለተ ኪዳን» ይላል። ፊደሎቹ ትላልቅ ናቸው፤ የ«ለ» እግሮች ወደ ውጭ ተንሻፈዋል። ይህን ጽሕፈት ልጅ ሆኖ ጨው መደብ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ነው ያደገው። በየበርበሬው ጆንያ ላይ «የላመ»፣ «ያልላመ» ብለው የሚጽፉት ወይዘሮ ጥላነሽ ናቸው።

*

ወይዘሮ ጥላነሽ በሩን ሲከፍቱ ወረቀቱን በእጁ አዩት። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እሱንም በእጃቸው ተቀመጥ አሉት። ገዳሙ ደጅ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ተጣላን። ገፈተርኳት። ጓሮ ካለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ጠርዝ ጋር ተጋጨች። በሌሊት ተሸክሜ ወስጄ ጣልኳት። ጻፈው።»

«ብቻዎን ተሸክመው?»

«ብቻዬን።»

«ወገብዎ እኮ የበርበሬ ጆንያ ማንሣት ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው እትዬ።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በነገር።»

«በምን ነገር?»

«በቃ በነገር አልኩህ! ገዳይ ፈልገህ አልነበር? ይኸው አግኝተሃል። እሰረኝ።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሰርቀው አዩ። አብዱረዛቅም አየ። የቀስተ ደመና የመጀመሪያ በረራ ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ነው። ዓይናዲስ አንዴ ከተነሣች፣ በማታውቀው አገር መሬት ወርዳ ከቀረች፣ እሷን መልሶ ማምጣት የዓመታት ደብዳቤ ነው። ሴትዮዋ ያን ያህል ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልጉት።

«ሻንጣውን ማን አዘጋጀው?»

«እኔ።»

«ሞታለች ብለው፣ ለመጣል የሚወስዱትን ሻንጣ በበሶ ሞሉት?»

«መንገደኛ ማስመሰል ነበረብኝ። ከዚያ እጄ… እጄ ዝም ብሎ ጨመረ። ባዶ ሻንጣ ልሰጣት አልቻልኩም አብዱ።»

«ስሟንስ ለምን ሰጡ? ባይሰጡ ማን ያውቅ ነበር?»

«ፍትሐት ሳይደረግላት እንዴት ትሂድ? ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ። በፈጣሪ ፊት ስለ እሷ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ገደል ውስጥ ማንም ሳያነሣት ሰንብታ፣ ነፍሷ መንገድ ላይ ቀርታ…» ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

አብዱረዛቅ ያን ጊዜ የመጣበትን ሥራ ጠላ። ከአሁን በኋላ የሚናገረው ነገር እኚህን ሴት ዕድሜ ልካቸውን እንደማይለቃቸው ያውቃል። ባይናገር ደግሞ ነገ በአራት ሰዓት ሁሉም ያልቃል።

«እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «እሑድ ጧት አልሞተችም ነበር።»

«ምን?»

«የሞተችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሐኪሟ አረጋግጣለች። ስትጣል ትተነፍስ ነበር። መሬቱን ስትቧጥጥ ነው የሞተችው።»

ወይዘሮ ጥላነሽ ቀና ብለው አዩት። እየቀለደባቸው እንደሆነ ፊቱን የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር። «ውሸት ነው» አሉ። «ሞታለች። ሞታ ነው ያገኘኋት። ዓይናዲስ…»

አቆሙ። ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። ሁለቱ የምስክር ወረቀቶች አሉ፤ በመካከላቸው ጆሮዋን አሻንጉሊቱ አፍ ላይ የደቀነችው ልጃቸው አለች። ከዚያ ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆዩ። ደጅ ገዳሙ ሲያስል ተሰማ።

«እንደዚያ አጎንብሳ ነው ያዳመጠቻት» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «ከገበያ ስመጣ ገንዳው አጠገብ ወድቃለች። ዓይናዲስ ቆማለች። በሻርፑ ነው የተጣሉት። አንድ ጊዜ ብቻ ለብሼው ፎቶ ልነሣ አለቻት፤ ሰገነት ይጨማደዳል አለች። ገፈተረቻት። እኔ ‘ሰው እንጥራ፣ ባጃጅ እንጥራ’ አልኩ። እሷ ‘ቆይ፣ እኔ ተምሬዋለሁ’ ብላ አጎነበሰች። ጆሮዋን አፏ ላይ አድርጋ አዳመጠች። እኔ አፌን ይዤ እጠብቃለሁ። ከዚያ ተነሥታ ‘አበቃ እማዬ’ አለችኝ።»

«እርስዎ አልነኳትም?»

«አላስነካችኝም። ‘አንቺ አትዪ’ ብላ ክፍሉን ዘግታ ልብሷን ያለበሰቻት እሷ ናት። በጋቢ ጠቅልላ ነው ያወጣቻት። እኔ በእግሯ በኩል ያዝኩ። ታረቀኝ መጥቶ ነበር አብዱ። ባጃጁን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ ነበር። ተኝታለች ብዬ መለስኩት።»

ደረታቸውን መደለቅ ጀመሩ፤ ጩኸት የለውም፤ ዝም ብለው ይደልቃሉ። አብዱረዛቅ እጃቸውን ያዘ። ብዙ ከቆዩ በኋላ እጃቸውን አስለቅቀው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉ።

«በአራት ሰዓት።»

«እንዳትሳፈር» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ። «ደውልና አስቀራት።»

*

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ማረፊያው ፖሊስ ስልክ መጣ። ዓይናዲስን ከሌሎቹ አስተናጋጆች ጋር ለፎቶ ተሰልፋ ሳለ ነው የያዟት። አልካደችም። የደወለው መኮንን የሰጠችውን ቃል ከወረቀት እያየ አነበበለት።

«‘ትተነፍስ ነበር። እናቴ ካወቀች ሐኪም ቤት ትወስዳታለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ከዳነች ደግሞ እኔ የምሄድበት የለም።’ ሌላ አልተናገረችም።»

በረራው አልቀረም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ፣ ቀስተ ደመና የተሳለበት አውሮፕላን ሲነሣ ሰው አጨበጨበ። አብዱረዛቅ ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። አደባባዩ ላይ ሰገነት አሁንም ቀይ ሻርፗን አስራ ትስቃለች፤ ሸራውን አውርዱ ያለ ሰው አልነበረም። ሙሉቀን ጋ ደውሎ እንዲያወርደው ነገረው።

እሑድ ሲነጋ ወይዘሮ ጥላነሽ ከታሰሩበት ክፍል አስጠሩት። ዓይናቸው ደርቋል። በሁለት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት አርጅተዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ ጠይቀው፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንዲት መስመር ጻፉና አጠፉት።

«ለአባ ገብረ ሚካኤል ስጥልኝ። ቅዳሴ ሳይገቡ ድረስባቸው።»

«ማን ናት?»

«ወለተ ሐዋርያት። የዓይናዲስ የክርስትና ስሟ ነው።»

አብዱረዛቅ ወረቀቱን ተቀብሎ ትንሽ አመነታ። «ከየትኞቹ ጋር ልጥራት ብለው ቢጠይቁኝ ምን ልበላቸው እትዬ?»

ወይዘሮ ጥላነሽ የክፍሉን ወለል አዩ፤ እጃቸውን አዩ።

«ከሕያዋኑ ጋር በላቸው» አሉ። «ይኼኛውን እንኳ አልሳሳት።»

ወረቀቱን የደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ውርጩ ገና አልለቀቀም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመና፣ የሚገባ ዲያቆን እስኪመጣ ጠበቀ።